ለሌላው ነፃነት የሚሠራ የራሱን ያገኛልን?

በ1869 እ.ኤ.አ. በቦስተን ጥቂት የሜቶዲስት ሴቶች የውጭ ሚሲዮን ማኅበር አቋቋሙ፤ መዋጮው በሳምንት ሁለት ሳንቲም ነበር። በዚህችው ሳንቲም አስተማሪዋን ኢዛቤላ ቶበርንንና ሐኪሟን ክላራ ስዌይንን ወደ ሕንድ ላኩ። ቶበርን በ1870 በላክናው ስድስት ልጃገረዶች ይዛ ጀመረች፤ ትምህርት ቤቱ ኋላ ኮሌጅ ሆነ። (ስድስት ተማሪ ምን ይረባል የሚል ሰው ዛፍ ሥር አስተምሮ አያውቅም።)

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የእነዚሁ ሴቶች ቤተ ክርስቲያን በ1888 ለጠቅላላ ጉባኤው የተመረጡትን አምስት ሴቶች ወንበር ከለከለች፤ የገቡት በ1904 ነው። ገንዘብ መያዝንና ስብሰባ መምራትን በማኅበሩ ተምረው ነበርና ዝም አላሉም።

የሚከብደኝ ሌላ ነው። ለሕንዳዊቷ ያዘኑላት ከላይ ሆነው ነው፤ ምጽዋት ደግሞ እኩልነት አይደለም። የቶበርን ተማሪ ሊላቫቲ ሲንግ በ1900 በኒውዮርክ የሚሲዮን ጉባኤ ቆማ ስትናገር ግን፣ አዛኞቹ ተቀምጠው ሰሙ።