ከፊልሞና ቤት እስከ እምኩሉ

የክርስትና እምነት ባሮች ባርነትን እንዲሸከሙት ረዳቸው ወይስ እንዲያሸንፉት አበረታቸው የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፋት አጭር መልእክት አብራ ትነሣለች። ጳውሎስ ከጌታው የኮበለለውን አናሲሞስን መልሶ ሲልክ ፊልሞና እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም እንዲቀበለው ይማልዳል፤ ባርነት ራሱ ይቅር የሚል ቃል ግን አይናገርም። በ1850 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ምክር ቤት የኮበለሉ ባሮች ለባለቤቶቻቸው እንዲመለሱ ባዘዘበት ዘመን የሕጉ ደጋፊዎች ይህችኑ መልእክት ሲጠቅሱ፣ ተቃዋሚዎቻቸውም ወንድም የተባለ ሰው እንዴት ይሸጣል እያሉ በዚያችው ይሟገቱ ነበር። በኢትዮጵያም ፍትሐ ነገሥት፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ለዘመናት የዳኙበት የሕግ መጽሐፍ፣ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ከተናገረ በኋላ የጦርነት ሕግ ያመጣውን ባርነት ይቀበላል፤ ባሪያን ነጻ ማውጣትንም በጎ ሥራ ብሎ ያመሰግናል እንጂ በጌታ ሁሉ ላይ ግዴታ አያደርገውም። ስለዚህ ጥያቄው ከጌቶች መጻሕፍት ይልቅ በባርነት ውስጥ ባለፉ ሰዎች ሕይወት ቢመረመር የተሻለ መልስ ይገኝበታል።

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኢሉባቦር የተወለደው ሂካ የተባለ የኦሮሞ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ታፍኖ፣ ደጋግሞም ተሸጦ ቀይ ባሕር ዳር ደረሰ። በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ባለሥልጣን በምጽዋ ነጻ ካወጣው በኋላ ከስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ዘንድ ተማረ፤ በ1872 ሲጠመቅም የዚያን የፊልሞና ባሪያ ስም ይዞ ኦነሲሞስ ተባለ። አስቴር ገኖ የተባለችውን ልጅ ደግሞ በ1886 ወደ ዓረብ አገር ለሽያጭ ስትወሰድ የኢጣሊያ መርከቦች አስጥለዋት፣ በምጽዋ አቅራቢያ በሚገኘው በእምኩሉ የሚስዮኑ ትምህርት ቤት ተቀበላት። እውነቱ መሸፈን የለበትም፤ ሁለቱን ከሻጮች እጅ ያወጣቸው ሥልጣንና የጦር መርከብ ነው።

ነገር ግን ከሻጭ እጅ መውጣት የባርነት ፍጻሜ አይደለም። የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ኦርላንዶ ፓተርሰን በ1982 ባሳተሙት ሥራ ባርነትን ማኅበራዊ ሞት ይሉታል፤ ይኸውም ሰው ከወላጁ፣ ከወገኑና ከአባቶቹ ተቆርጦ፣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠይቀው በሌለበት መኖሩ ነው። የነጻነት ወረቀት ይህን ሞት አይሽረውም። በእምኩሉ የእምነት ትልቁ ሥራ የታየው እዚህ ላይ ነው፤ ዘመድ ያጡ ልጆች አንዱ ሌላውን ወንድም፣ እኅት ማለት ከመቻላቸውም በላይ፣ ለተነጠቁበት ሕዝብ ዕዳ እንዳለባቸው ሰዎች ራሳቸውን ማየት ጀመሩ። ኦነሲሞስ ወንጌልን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ሲነሡ ሥራው በልጅነቱ ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ለተነጠለ ሰው ብቻውን የሚወጣው አልነበረም፤ ስለዚህ የአስቴር ድርሻ እስካሁን ከተሰጠው ምስጋና ይበልጣል። አስቴር ለዚሁ ሥራ ወደ 15,000 የሚጠጉ ቃላት አሰባስበዋል፤ የሕዝቡን ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገርም መዝግበዋል። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ባርነት የቀማቸውን ቋንቋ ለወገናቸው በመጽሐፍ መመለሳቸው ከመጽናናት ያለፈ ድል ነው።

ኦነሲሞስ በ1904 ወለጋ ገብተው በነቀምቴ በኦሮምኛ ማስተማር ሲጀምሩ የተቃወሟቸው ክርስቲያኖች፣ በተለይም የአካባቢው ካህናት ነበሩ፤ በክስ ምክንያትም ከስብከት ታግደዋል። ባርነት በዙሪያቸው ገና አልቀረም ነበር፤ ዕድሜያቸውም ፍጻሜውን ለማየት አላደረሳቸውም፣ በ1931 ዐረፉና። ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ በ1942 ሲወጣ፣ ሁለቱ የደከሙበት መጽሐፍ ከታተመ 43 ዓመት ሆኖት ነበር።