የሸማኔው ዕውቀትና የሕዝብ ገንዘብ

በእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ የሚሸመነው ሸማ በአብዛኛው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ሸማኔዎችና የልጆቻቸው ሥራ ነው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚያልፈው በማየትና በመሞከር ነው። መንግሥት ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ከሕዝብ ግብር ብድርና ሥልጠና ሲያቀርብ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም የተሻሻለ የሽመና መሣሪያ ሲያሸጋግሩ፣ ከገንዘቡ መጠን የሚቀድም ጥያቄ ይነሣል፤ የእጅ ዕውቀት የማን ሀብት ነው?

ለዚህ ጥያቄ ኦሪት ዘጸአት ቅርብ ታሪክ አለው። የመገናኛው ድንኳን ሲሠራ ወርቁንና በፍታውን ያዋጣው ሕዝቡ ነበር፤ ሴቶችም ፈትለው አመጡ። መዋጮው ከሚበቃው በላይ ሲሆን ሙሴ አስቆመው። ሥራውን የመሩት ባስልኤልና ኤልያብ ነበሩ። ምዕራፍ 35 ጥበባቸው፣ የሽመናው ጭምር፣ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ይናገርና ሌላውን የማስተማር ችሎታም በልባቸው እንደተቀመጠ ይጨምራል። በዚህ ሥርዓት ሕዝብ ከፋይ፣ ባለሙያው አስተማሪ ነው፤ ተረጂ የሚባል ማንም የለም።

በኢትዮጵያ ይህ ክብር ለባለሙያው ተነፍጎት ኖሯል። ሸማኔና ቀጥቃጭ በሙያቸው ይሰደቡ ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ስድቡን በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ቢከለከልም ንቀቱ ወዲያው አልጠፋም። ዛሬም አንድ ሥልጠና ዕድሜውን በድርና በማግ ያሳለፈን ሰው ምንም እንደማያውቅ ተቀባይ ከቆጠረው፣ ያው ንቀት መልኩን ለውጦ ተመልሷል ማለት ነው።

ሕጉም ክፍተት አለበት። አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኢንዱስትሪ ንድፍን የሚጠብቀው አዲስ ሲሆን ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀትን መብት ያውቃል፤ ግን ከዕፅዋትና ከሌላ የጄኔቲክ ሀብት ጋር የተያያዘውን ነው። ትውልድ ያቆየው ጥለት ከሁለቱም ውጭ ይቀራል። ከውጭ የገባ፣ ጥለቱ በማሽን የታተመበት ጨርቅ ገበያው ላይ ሲዘረጋ ሸማኔው የሚሟገትበት መሠረት ደካማ የሆነውም ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ባህላዊው ቅብብል ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ከጋሞ ደጋ ሙያ ትማራላችሁ ተብለው መጥተው ከትምህርት ቤት ርቀው ጉልበታቸው የተበዘበዘ ሕፃናት አሉ። ስለዚህ የሚከፍለው ሕዝብ የመጠየቅ መብት አለው፤ ልጁ ትምህርት ቤት እንዲውል፣ ለማጁ ዕድሜው የደረሰ እንዲሆን። ሸማኔውም በበኩሉ መሣሪያው ሳይሠራ በፊት እንዲጠየቅ፣ ለሚያስተምርበት ጊዜ እንዲከፈለው፣ በጥለቱ ላይ ያለው ድርሻ በስሙ እንዲመዘገብ መጠየቅ ይገባዋል።