ውኃ፣ ሣርና እሳት፦ የኤሌክትሪክ መረብና የጋራ ሀብት ጥያቄ

በእስልምና የሕግ ትውፊት ውስጥ ረጅም ክርክር ካስነሡት የነቢዩ ሙሐመድ ንግግሮች አንዱ፣ በአቡ ዳውድና በኢብን ማጃህ ስብስቦች ውስጥ የሚገኘውና ሰዎች በውኃ፣ በግጦሽ ሣርና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን የሚያስረዳው ሐዲስ ነው። ከአራቱ የሱኒ የሕግ መዝሀቦች አንዱ የሆነው የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ይህን መነሻ አድርገው፣ በወንዝ የሚፈሰው ውኃ የማንም የግል ንብረት እንደማይሆን፣ ሰው ደክሞ ቀድቶ በዕቃው ያጠራቀመው ግን የእርሱ እንደሚሆንና ሊሸጠውም እንደሚችል ለይተው አስቀምጠዋል። ስለ እሳትም ቢሆን፣ የፍሙ ባለቤት ፍሙን አልሰጥም ማለት ቢችልም ከነበልባሉ የሚለኩሰውን፣ በብርሃኑ የሚያየውንና በሙቀቱ የሚሞቀውን ሰው መከልከል እንደማይገባው ያስተማሩ ሊቃውንት አሉ። የኋለኛው ዘመን ጸሐፍት ደግሞ ነዳጅና ኤሌክትሪክ ከዚህ እሳት ይቆጠራሉ ወይ ብለው ጠይቀዋል፤ ጥያቄው ለመጻሕፍት ቤት ብቻ የተተወ ቢመስልም፣ መልሱ ግን የአንድ አገር መንግሥት ምሰሶ የት እንደሚተክል እስከ መወሰን ሊደርስ ይችላል።

በኢትዮጵያ ሦስቱ ነገሮች በአንድ ሰንሰለት ተያይዘው ይገኛሉ። ወደ ብሔራዊ ግሪድ፣ ማለትም ማመንጫዎችን ከተጠቃሚዎች ጋር ወደሚያገናኘው አገር አቀፍ የኤሌክትሪክ መረብ፣ የሚገባው ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውኃ፣ ቀጥሎም ከነፋስ የሚገኝ ስለሆነ የካርበን ልቀቱ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ብዙ የበለጸጉ አገሮች ገና ወደፊት እንደርስበታለን የሚሉት የንጹሕ ኤሌክትሪክ ግብ፣ በዚህ ጠባብ መለኪያ ብቻ ከታየ፣ እዚህ ከተደረሰበት ቆይቷል። ይሁንና ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው መብራት የለውም፤ አገሪቱ ከምትጠቀመው ጠቅላላ ኃይልም ከአሥር እጅ ዘጠኙ ገደማ ዛሬም የሚገኘው ከማገዶ፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት ነው። ውኃው እሳት ሆኖ ወደ ከተማ ሲሄድ፣ ሣሩና ዛፉ በገጠሩ ምድጃ ውስጥ ይነዳል፤ ለእርሻው ማዳበሪያ መሆን የነበረበት የከብት እበትም ደርቆ ኩበት ሆኖ አብሮ ይጨሳል። ስለሆነም ኃይሉ ንጹሕ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ በግድቡ ላይ ብቻ ሊመለስ አይችልም። የኃይሉ የሞራል ዋጋ የሚለካው ከምንጩ ይልቅ በመስመሩ፣ መስመሩም በሚያልቅበት ቦታ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆናቸውን ሲደነግግ ከላይ ከተጠቀሰው የጋራነት ሐሳብ ብዙም አይርቅም። ክርክሩ የሚጀምረው ወንዙ ከተገደበ በኋላ ነው፤ የተገደበ ውኃ፣ በሊቃውንቱ አገላለጽ፣ በዕቃ ውስጥ የገባ ውኃ ስለሆነ የቀዳው ሰው መብት አለበት። ታዲያ ማን ቀዳው? መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ለዚህ ጥያቄ የማያሻማ መልስ አለው። የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን በየወሩ እያስቆረጠ፣ ገበሬውና ነጋዴው ቦንድ እየገዙ፣ በውጭ አገር የሚኖረውም የአቅሙን እየላከ የሠሩት በመሆኑ፣ የድካምን መብት አጥብቆ የሚይዘው የሕግ ትርጓሜ እንኳ ባለቤትነቱን ለሕዝቡ ይሰጣል። ከእነዚህ ከፋዮች ብዙዎቹ በቤታቸው ኩራዝ የሚያበሩ ነበሩ። ቦንድ የገዛ ሰው ገንዘቡ ከነወለዱ ቢመለስለት የገንዘብ ዕዳው ተከፍሏል ሊባል ይችላል፤ ሆኖም ያን ጊዜ የተገባለት ቃል የወለድ ብቻ አልነበረምና ሌላኛው ዕዳ ከባንክ መዝገብ ውጭ ይቀራል።

ይህ ዕዳ በቀላሉ የማይከፈልበትን ምክንያት ለመረዳት የመስመሩን አሠራር ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ኃይል ከሩቅ ቦታ ሲላክ በመንገድ ላይ በሙቀት መልክ የሚባክነው እንዲቀንስ ቮልቴጁ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ግፊት፣ በጣም ከፍ ይደረጋል፤ ከሕዳሴው ግድብ ተነሥቶ በደዴሳ አድርጎ ሆለታ የሚደርሰው መስመር 500 ሺሕ ቮልት የተሸከመው ለዚህ ነው። ይህ መስመር በሚያልፍባቸው ቀበሌዎች የብረት ማማው ከጎጆው ጓሮ ሊቆም፣ ሽቦውም ከማሳው በላይ ሊያልፍ ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ ሽቦ ላይ ገመድ ቀጥሎ አንድ አምፖል ማብራት አይቻልም። ግፊቱን ደረጃ በደረጃ የሚያወርዱ ማከፋፈያ ጣቢያዎች፣ ከእነርሱ የሚወጡ የሥርጭት መስመሮች፣ በየመንደሩ ምሰሶ ላይ የሚሰቀሉ ትራንስፎርመሮች፣ በመጨረሻም ቆጣሪ ያስፈልጋሉ። ግድብ ይመረቃል፤ ማማም ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ለትራንስፎርመር ግን ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን እምብዛም አይታይም። ምናልባትም የሥርጭት መስመር ከማመንጫው ሁልጊዜ ወደ ኋላ ከሚቀርባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

መስመሩ ከደረሰላቸው መካከልም ቢሆን የጋራነቱ ጥያቄ አያበቃም። በአንድ ግሪድ ላይ ያሉ ጄኔሬተሮች አንድ የጋራ ምት ጠብቀው ይዞራሉ፤ በኢትዮጵያ ይህ ምት በሴኮንድ 50 ዑደት ነው። አንድ ትልቅ ማመንጫ በድንገት ሲቋረጥ ወይም ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ ሲበልጥ ምቱ በመላው አገር በአንድ ቅጽበት ይወርዳል፤ ከተወሰነው መጠን በታች ሲወርድም ሬሌይ የሚባሉት መቆጣጠሪያዎች መላው ግሪድ እንዳይወድቅ ሲሉ አንዳንድ መስመሮችን ራሳቸው ይቆርጣሉ። የትኛው መስመር አስቀድሞ እንደሚቆረጥ፣ የትኛውም እስከ መጨረሻው እንደሚቆይ የተወሰነው ግን ከብዙ ጊዜ በፊት በመሐንዲሶች ጠረጴዛ ላይ ነው። ፈላስፎች ስለ አከፋፈል ፍትሕ፣ ማለትም የጋራ ጥቅምና ጉዳት ለማን ምን ያህል ይድረስ ስለሚለው ጥያቄ፣ ከአርስጣጣሊስ ጀምሮ ብዙ ጽፈዋል፤ የአንድ ሬሌይ ቅደም ተከተል ግን ከብዙዎቹ መጻሕፍት ይልቅ በሰው ኑሮ ላይ ወዲያውኑ የሚፈጸም የፍትሕ ውሳኔ ሆኖ ሳለ የሚያነብበው ሰው ጥቂት ነው። በ2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀንሶ ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሲሰጥ መርሐ ግብሩ ለሕዝብ ተገልጾ ነበር፤ ችግሩ ቢከብድም የተገለጸ ፈረቃ ካልተገለጸ መቆራረጥ ይሻላል፤ ምክንያቱም የሚጠይቁት አካል አለው።

ከዚህ የሚከብደው የትርፉ ጥያቄ ነው። የቀጰዶቅያው ባስልዮስ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱን በስሙ የምትጠራለት የአራተኛው ክፍለ ዘመን አባት፣ ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ ስላሰበው ባለጠጋ በሰበከው ስብከት፣ ከሚያስፈልገው በላይ አከማችቶ የያዘ ሰው የያዘው የሌላውን መሆኑን አስተምሯል። ባለጠጋውንም ወደ ቴአትር ቤት ቀድሞ ገብቶ ለሁሉም የተዘጋጀውን ቦታ የራሱ በማድረግ ኋላ የሚመጡትን ከሚከለክል ሰው ጋር አመሳስሎታል። ይህ ምሳሌ ለግሪድ የተነገረ እስኪመስል ይስማማል። በኢትዮጵያ የማመንጨት አቅም ከሥርጭቱ ቀድሞ ስላደገ፣ የሚሸጥ ኃይል አለ፤ ወደ ጅቡቲና ወደ ሱዳን ይላካል፤ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ በሚደርሰው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመውና እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም በሚችለው መስመርም ይሸጣል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር ስሌት ለሚያመርቱ ኩባንያዎች ይቀርባል። የሽያጩ ተከራካሪዎች የሚያነሡት ነጥብ ቀላል አይደለም። ውኃ በተርባይን ሳያልፍ በማስተንፈሻ ቢፈስ የጨለመውን መንደር አያበራም፤ ከሽያጭ የሚገኘው የውጭ ምንዛሪ ግን ትራንስፎርመርና ሽቦ ሊገዛ ይችላል። ለኬንያ መሸጥ ደግሞ ጎረቤትን ነዳጅ ከማቃጠል ስለሚያድን በራሱ መልካም ነው።

ክርክሩ ትክክል የሚሆነው ግን በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ በእርግጥ ወደ ሥርጭት መስመር ሲዞርና ውሉም የጊዜ ገደብ ሲኖረው። ባስልዮስ ባለጠጋውን የወቀሰው እህል ስላመረተ ሳይሆን ነገም ሌላ ጎተራ ለመሥራት ስላሰበ ነበር። ሌሊትና ቀን ሳያቋርጡ ኃይል የሚወስዱ የኮምፒውተር አዳራሾች አንዴ ከተተከሉ በኋላ ቋሚ ደንበኛ ይሆናሉ፤ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ቋሚ ደንበኛም፣ ዋጋ አንሶለት ገና ምሰሶ ካልተተከለለት ገበሬ ይልቅ ለሻጩ መሥሪያ ቤት የሚጥም መሆኑ ግልጽ ነው። ተርፏል የሚባለው ኃይል የተረፈው ሰው ጠግቦ አይደለም፤ መሶቡ ስላልደረሰው ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ማርቲን ሃይደገር ስለ ቴክኖሎጂ በጻፈው ታዋቂ ድርሰት፣ በራይን ወንዝ ላይ የተሠራ የኃይል ማመንጫ ወንዙን ወንዝ ከመሆን አውጥቶ የግፊት መጋዘን እንዳደረገው አዝኖ ነበር። ይህን ኀዘን ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ የምትወርድ ሴት ፊት ማንበብ ያሳፍራል፤ ሸክሟን የሚያቀልላት ያው መጋዘን ነውና። ሆኖም ሃይደገር ፈጽሞ ተሳስቷል ማለትም አይቻልም። ከግልገል ጊቤ ሦስት በታች፣ በታችኛው ኦሞ ሸለቆ የሚኖሩ ሕዝቦች ለዘመናት ማሽላቸውን የዘሩት ወንዙ በየዓመቱ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ደለል ላይ ነበር፤ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ውኃ መያዝ ከጀመረበት ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ያ የተፈጥሮ ሙላት እንደ ቀድሞው አልመጣም። ካርበን የማያወጣ ኃይል ጉዳት የማያደርስ ኃይል እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይኖርም። ውኃውን የሰጠው፣ መስመሩም አልፎት የሚሄደው ሕዝብ፣ ከተጋሪዎቹ ሁሉ የመጀመሪያው መሆን ሲገባው የመጨረሻው ሆኗል፤ ካሣ የሚለው ቃልም ደለልን አይተካም።

ግሪዱን የማዘመን ሥራ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ነፋስና ስለ ፀሐይ ነው። እዚህ ላይ አገሪቱ ታድላለች፤ በበጋ ወንዞች ሲቀንሱ በአዳማ፣ በአሸጎዳና በአይሻ ያሉት የነፋስ ማመንጫዎች ይበረታሉ፣ ነፋሱ ሲተኛም ግድቡ የያዘውን ውኃ ይለቅቃል፤ ሌሎች አገሮች ውድ ባትሪ ገዝተው የሚያገኙትን መደጋገፍ የኢትዮጵያ ወቅቶች በነፃ ሰጥተዋል ማለት ይቻላል። ድርቅ ሲመጣ ሁሉንም እንቁላል በወንዝ ላይ ያስቀመጠ ግሪድ ምን እንደሚደርስበት ፈረቃው ስላሳየ፣ ይህን ድብልቅ ማስፋት ጥበብ ነው። ከቴክኒክ አንጻር ግን ይህ ከሥርጭቱ ይልቅ የቀለለው ክፍል ነው።

የሐነፊ ሊቃውንት ወደ ደረሱበት ልዩነት ስንመለስ አንድ ነገር ይቀራል። በዕቃ የተያዘ ውኃ የባለቤቱ ቢሆንም፣ በጥም ሊሞት የደረሰ ሰው ሲመጣ ግን ባለቤቱ ሊከለክለው አይገባም ብለዋል። ለኤሌክትሪክ ይህ ጥም ምን ይሆን? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለዜጎች ሊዳረሱ የሚገቡትን ሲዘረዝር ጤናን፣ ትምህርትን፣ ንጹሕ ውኃን፣ መኖሪያንና ምግብን ይጠቅሳል፤ ኤሌክትሪክን በስሙ አይጠራም። ይሁንና የክትባት ማቀዝቀዣና የጉድጓድ ፓምፕ ያለ እርሱ አይሠሩምና በተዘዋዋሪ በውስጡ አለ ማለት ያስኬዳል። ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ምግቡ የሚበስልበት እሳት ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ዕቅዱና ሕይወቱ ይለያያሉ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ለሁሉም ለማዳረስ ሲያቅድ 65 በመቶውን በግሪድ፣ 35 በመቶውን ከግሪድ ውጭ ባሉ መፍትሔዎች፣ በተለይም በፀሐይ ኃይል፣ ለማድረስ አስቦ ነበር፤ ጊዜውም ግቡ ሳይሞላ አልፏል። በጣሪያ ላይ የሚገጠም አነስተኛ የፀሐይ መሣሪያ ጥቂት አምፖሎችንና የሞባይል ቻርጀርን ይችላል። በከተማ ቤት የሚገኘው የእንጀራ ምጣድ ግን፣ በሸክላው ጀርባ በተቀረጸው ጠምዛዛ ቦይ ውስጥ የተዘረጋው ሬዚስታንስ ሲግል፣ ብቻውን ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ በበዓል ዋዜማ የሰፈር ትራንስፎርመር የሚፈነዳውም ብዙ ምጣዶች በአንድ ሰዓት ስለሚጣዱ ነው። ይህን ጭነት የሚችለው ግሪድ ብቻ ነው፤ እርሱም ዛሬ ባለበት ሳይሆን ትራንስፎርመሩና ሽቦው ከተጠናከረ በኋላ ነው። በፀሐይ አምፖል የበራለት ቤት በመንግሥት መዝገብ ላይ ኤሌክትሪክ እንዳገኘ ሊቆጠር ይችላል፤ ሆኖም የዚያ ቤት እናት እንጀራ በምትጋግርበት ቀን ጠዋት፣ አምፖሉ በጎጆው ውስጥ እንደተሰቀለ፣ እርሷ ማገዶ ፍለጋ ትወጣለች።