አባትህን ከምንጣፉ አታስነሣቸው

ልጄ፣ ባለፈው ስንገናኝ «አባዬ አርጅተው ልጅ ሆኑብኝ፤ ከልጄ ጋር ምንጣፍ ላይ ተንጋለው ይውላሉ፣ እንግዳ ሲመጣ እንኳ አይነሡም» አልከኝ። እየሳቅህ ብታወራውም ምሬት ነበረበት። «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ብለህም ተረትክባቸው። ይህ ተረት ያለ ዕድሜው ለሚኳኳል ነው። የልጅ ልጁን ጀርባው ላይ አዝሎ ለሚድኽ አያት ማን ተረተው?

አንተ ኦስሎ እየኖርክ የቪጌላንድን መናፈሻ አቋርጠህ ወደ ሥራ የምታልፍ ሰው ነህና፣ አንድ ቀን ቆም ብለህ እይልኝ። ቀራፂው ጉስታቭ ቪጌላንድ በፈረንጆች 1921 ከከተማዋ ጋር ውል ገባ፤ ከተማዋ መኖሪያና የቅርጽ መሥሪያ ልትሠራለት፣ እሱም ሥራዎቹን ሊሰጣት። በ1943 እስኪሞት ድረስ ሰውን ከሕፃንነት እስከ እርጅና ሲቀርጽ ኖረ። ድልድዩ ላይ ብቻ 58 የነሐስ ምስሎች ቆመዋል። ሁሉም እርቃናቸውን ናቸው፤ ያገራችን ሰው ዓይኑን ሰበር አድርጎ ያልፋቸዋል። ልብስ ግን ዘመንንና ማዕረግን ይናገራል። እነዚህ ሰዎች የየትኛውም ዘመን እንዲሆኑ ነው የተራቆቱት።

ከመካከላቸው አንዱ አራት ሕፃናት የወረሩት ጎልማሳ ነው። በአንድ እግሩ ቆሟል፤ አንዱ ሕፃን እግሩ ላይ፣ ሌሎቹ ክንዱና ትከሻው ላይ ናቸው። እያራገፋቸው ይሁን እያጫወታቸው ተመልካቹ ይከራከራል። «ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» ያሉት አባቶቻችን ቢያዩት አንገታቸውን ነቅንቀው ይስቁ ነበር። እኔ እየተጫወተ ነው ባይ ነኝ፤ መገላገል የፈለገ ሰው እንዲያ ሚዛኑን ጠብቆ አይቆምም።

ከዚያው ድልድይ ላይ ቡጢውን ጨብጦ፣ እግሩን አንሥቶ የሚያለቅስ ቁጡ ሕፃን አለ። ግራ እጁ ከመነካት ብዛት እንደ ወርቅ ያበራል። ያን እጅ ያበራው ልጅ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ሽበታሙም እየጨበጠ ያልፋል።

ወደ ምንጩ ስትወጣ ደግሞ ስድስት ግዙፍ ሰዎች ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ተሸክመው ታገኛለህ። ዙሪያውን የነሐስ ዛፎች አሉ፤ ሕፃናት ተንጠልጥለውባቸዋል፣ ወጣቶች ተጠግተዋቸዋል፣ አዛውንትም ግንዳቸውን ይዘዋል። ከሥር የምንጩን ገንዳ የሚዞሩት 60 ቅርጾች የሰውን ዕድሜ በተራ ይተርካሉ። ሞትና አጽም ጋ ስትደርስ አለቀ ብለህ አትመለስ፤ አንድ እርምጃ ጨምር፣ ሕፃናቱ እንደገና ይጀምራሉ። በዚያ ገንዳ ዙሪያ የአዛውንቱ ጎረቤት ጎልማሳው ብቻ አይደለም። በወዲያኛው በኩል፣ ከሞት ቀጥሎ ያለው፣ ሕፃኑ ነው።

አባትህ ከልጅህ ጋር የሚግባቡት ለዚህ ይመስለኛል። «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይባላል፤ ጥሬውንም ጭምር ቁጭ ብሎ የሚሰማ ጊዜ ያላቸው እሳቸው ናቸው። አንተ ስልክህን እያየህ «እሺ፣ እሺ» ትለዋለህ።

አንድ ነገር ግን ለይልኝ። የሰው ስም ከጠፋባቸው፣ የለመዱት መንገድ ከተምታታባቸው፣ ምድጃ ለኩሰው ከረሱ፣ ያ ጨዋታ አይደለምና ሳትዘገይ ሐኪም አሳያቸው። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ተዋቸው። እንግዳ ከመጣም እንግዳውን ምንጣፉ ላይ አስቀምጠው፤ ቡናውን እዚያው ይጠጣል።

ቅዳሜ ሦስታችሁም ወደ መናፈሻው ሂዱ። መግቢያው ነጻ ነው። ለአባትህ ወፍራም ካፖርት ያዝላቸው፣ የድንጋዩ ደረጃ ላይ መቀመጣቸው አይቀርም። ልጅህ ቁጡውን ሕፃን አይቶ እንደሱ እግሩን ቢመታ አትቆጣው። አባትህም ቢመቱ ዝም በል።