እሺታና እምቢታ

ሳትጠየቁ ብትመረጡ እሺ ማለት ግዴታችሁ ነውን?

በሰሜን አሜሪካው ናሽናል ሆኪ ሊግ 18 ዓመት የሞላው የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ቡድኑን አይመርጥም፤ ቡድኖቹ በየተራ ይመርጡታል። የመጀመሪያው ተራ በአብዛኛው የሚደርሰው ለደካሞቹ ነው፤ ይህም ጠንካሮቹ ሁሉንም እንዳይጠቀልሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የካናዳው ኩቤክ ኖርዲክስ ወጣቱን ኤሪክ ሊንድሮስን ከሁሉ አስቀድሞ መረጠ። እርሱ ግን «አልፈርምም» አለ። በዓመቱ ቡድኑ ወደ ፊላደልፊያ አዛወረው፤ በምትኩም ተጫዋቾችና 15 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ።

ይህ ትዕቢት ነውን? ለመፍረድ አትቸኩሉ። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ቢል ቃል ገባ አይባልም፤ ታዘዘ እንጂ። ፊርማ ክብር የሚኖረው አለመፈረምም ስለሚቻል ነው።

ሆኖም ሥርዓቱ የቆመው ደካማውን ለመደገፍ ከሆነ፣ የእምቢታው ሸክም በደካማው ላይ ያርፋል። ኩቤክ ካሣ አገኘ፤ ብዙዎች ግን አያገኙም። እንግዲህ ስትፈርሙም ሆነ ስትተዉ «ምን አገኛለሁ?» ብቻ ሳይሆን «ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ማለት መብታችሁ ነው፤ በእምቢታችሁ የሚጎዳውን ማየት ደግሞ ኃላፊነታችሁ ነው።