ያላሸው ወጌሻ

በጎጃም ደጋ እጁ የተመሰገነ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ነበር አሉ። አንድ የገበያ ቀን ወገባቸውን የታመሙ ሁለት ሰዎች ደጁ መጡ።

አንዱ ከአውድማ የጤፍ ጆንያ ሲያነሳ ወገቡን የያዘው ጎረምሳ ነው። ሲጎነበስ ያመዋል፣ ጋደም ሲል ይተወዋል። ሽማግሌው ቅቤ ቀብቶ አሸውና፣ «አልጋ ላይ አትዋል፤ ቀስ እያልህ ተንቀሳቀስ፤ በጥቂት ሳምንት ይለቅሃል» ብሎ ሰደደው። ለቀቀውም።

ሁለተኛው ሸማኔ ነው፤ ሚስቱ ደግፋው መጣች። ወጌሻው እንደ ልማዱ ቅቤውን ከመንካቱ በፊት ጠየቀ።

«ሲተኛ ይሻለዋል?»

«ኧረ አባቴ፣ ሌሊት ነው የሚብሰው! ከመኸር ጀምሮ እንዲህ ነው። ሲነጋ ጋቢው በላብ ርሶ ይገኛል። ሱሪውም ወገቡ ላይ አልቆም ብሏል።»

«እግርህስ፣ ልጄ?»

«ጫማዬ ሲወልቅ አይታወቀኝም።»

«ሽንትህስ?»

ሸማኔው አንገቱን ደፋ። ይህን ጥያቄ ስንቱ ጨዋ ሰው በሐፍረት ይሸሸዋል!

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ንገረኝ።»

«እምቢ ይለኛል። ቆሜ እጠብቃለሁ።»

ሽማግሌው በአንድ ጣቱ አከርካሪውን ከላይ ወደ ታች ተከተለ። መሀል ላይ አንዷ አጥንት ጎብጣ ወጥታለች። እጁን አነሳ፤ ቅቤውንም ከደነ።

«ይህን አላሽም» አለ።

ተራ የሚጠብቁት አጉረመረሙ። ሚስቲቱ አለቀሰች፤ «ከእጅዎ ሌላ ምን ተስፋ አለን?»

«እጄ የሚያውቀው ወለምታና ስብራት ነው። ይህ አጥንቱን ከውስጥ እየበላ ያለ ነገር ነው። ብጫነው ይደረመስና ወደ እግሩ የሚወርደውን ሥር ይጨፈልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ቆሞ አይሄድም። ነገ አትበሉ፤ ቃሬዛ አምጡ።»

በዕድሜው ካሻቸው ሁሉ ይህን አንዱን አለማሸቱን አበልጣለሁ።

ሆስፒታል ሲመረመር የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ሸማኔው «ሳል እኮ የለኝም» አለ። ቲቢ ግን ሰውየው አንዴም ሳያስል አጥንት ውስጥ ሊገባ ይችላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. የጀርባን መጉበጥና የእግርን መዛል አያይዞ የጻፈለት በሽታ ይኸው ነው። ከጡት ወይም ከፕሮስቴት ተነስቶ አከርካሪ ላይ የሚያርፍ ካንሰርም እንዲሁ ሌሊት ያሠቃያል።

ሸማኔው 12 ወር መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ዋጠ። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰለትና የሽመናውን መርገጫ መርገጥ ጀመረ።

የቲቢ መድኃኒት በአገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ወገቡን ታሞ ሌሊት የሚያቃስት፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ የሚያተኩሰው ሰው ቤታችሁ ካለ ሐኪም ዘንድ ለመውሰድ አትዘግዩ። እግሩ ከዛለ፣ ሽንቱ እምቢ ካለ ወይም መቀመጫው ከደነዘዘ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ቤት አታሳድሩት።