ስልክ በረካ የለውም

ልጄ፣ እሁድ ዕለት እናትህ አቦሉን ስትሰጥህ ስኒውን በአንድ እጅህ ተቀበልካት። ባለጌ ሆነህ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሌላው እጅህ ስልክ ይዞ፣ አውራ ጣትህ ቲክቶኩን ወደ ላይ እየገፋ ነበር። ቶናው ሲመጣ አቦልህ ፊትህ ቀዝቅዞ ተቀምጧል። በረካው ላይ ስመርቅ እናትህና ታናሽ እህትህ «አሜን» አሉ፤ ያንተ አልተሰማም። በሰው ፊት አልተናገርኩህም፤ አሁን ግን ስማኝ።

አልፈርድብህም፤ በሽታው እኔም ላይ አለ። በቀደም ከመገናኛ ታክሲ ተሳፍሬ የቴሌግራም ወሬ ሳነብ መውረጃዬን አለፍኩና ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ተመለስኩ። በዚህ ጉልበቴ!

ነገሩ የጠባይ ድክመት ብቻ እንዳይመስልህ። ቀድሞ የኢንተርኔት ገጽ መጨረሻ ነበረው፤ ለመቀጠል «ቀጣይ» የሚለውን መጫን ነበረብህ። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ ገጹ ከታች ራሱን እየሞላ እንዲቀጥል የሚያደርግ ዘዴ ፈጠረ። ኋላ ሥራው ከሰው ላይ የወሰደውን ጊዜ አይቶ በአደባባይ ተጸጽቷል። ይህን ስሰማ ነው ነገሩ የገባኝ። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው፤ በረካው ሲጠጣ ረከቦቱ ይነሳል፣ ሰውም ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ስልክ ግን በረካ የለውም። አቦል፣ አቦል፣ ሁልጊዜ አቦል ነው። በረካውን ማበጀት ያለብህ አንተ ነህ።

ስልክህን ጣለው አልልህም። ባንክህም፣ ትምህርትህም፣ ዓረብ አገር ያለችው ታላቅ እህትህም እዚያው ውስጥ ናቸው። የእሷ ጥሪ ይጩህ። የቀረውን ማሳወቂያ ሁሉ ግን ዝም አሰኘው፤ ማን ላይክ እንዳደረገልህ ከጥናትህ በኋላ ብታውቀው ምንም አይቀርብህም። ማታ ስልኩን ሳሎን ቻርጅ ላይ ሰክተህ ተኛ። «አላርሜስ?» ትለኝ ይሆናል፤ የጠረጴዛ ደወል ሰዓት መርካቶ ሞልቷል፣ እኔው እገዛልሃለሁ። የሌሊት ጥቅል ረከሰ ብለህም ደስ አይበልህ፤ ቀሪውን ሂሳብ የምትከፍለው በእንቅልፍህ ነው። ጠዋትም የራስህን ፊት ሳትታጠብ የሰው ፌስቡክ አትክፈት።

መጀመሪያ ይከብድሃል። እጅህ ሳታዘው ኪስህ ይገባል፤ ያልጮኸ ስልክ የጮኸ ይመስልሃል። አትደንግጥ፤ ጾም በገባ ሰሞንም ሆድ እንዲሁ ያጉረመርማል፣ ቆይቶ ይለምዳል። አምስት ገጽ ሳትነሳ ያነበብክ ቀን አምስቱን አትናቃቸው፤ አሥሩ የሚመጣው ከእነሱ ነው።

የፊታችን እሁድ እመጣለሁ። ስልኬን አጥፍቼ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ያንተንም ከጎኑ አስቀምጥ። የእናትህን ስኒ በሁለት እጅህ ተቀበል።